ቦርደዴ ላይ የተነበበ መጽሐፍ

ከአዋሽ ተነስቶ ወደ ሚኤሶ የሚያቀና መንገደኛ ቦርደዴን የሚያውቃት በመስኮት ነው። ግራር፣ ፍየል፣ አልፎ አልፎ የግመል መንጋ፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ሻይ ቤቶች፤ ከዚያ መኪናው ይንቀሳቀሳል፤ ቦርደዴም ትረሳለች። እኔም ለብዙ ዘመን የማውቃት እንዲሁ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ ስለሆነ ወደ አዲስ አበባ በተመላለስኩ ቁጥር አልፌባታለሁ እንጂ አድሬባት አላውቅም። ያደርኩባት ባለፈው ዓመት አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ሦስት ቀን በሰነበትኩ ጊዜ ነው። በሻንጣዬም ውስጥ አንድ መጽሐፍ ነበረ።

መጽሐፉ የታሪክ ሊቁ ተከስተ ነጋሽ በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1996 ኡፕሳላ፣ ስዊድን ላይ የታተመው ነው፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የኢትዮጵያን ትምህርት እንደገና ማሰብ» እንደማለት ይሆናል። በጥላው ሥር ተቀምጬ ሳነብ የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብተሯን ይዛ መጣች። እንደ ሐረርጌ ልጅነቷ «አንቱ» የሚባል ነገር አታውቅምና «አንተ ተምረሃል አይደል? ይህን ንገረኝ» አለችኝ። የሳይንስ ትምህርት ነው። ፈሳሽ ወደ ተን ስለሚለወጥበት ሁኔታ በእንግሊዝኛ የተሰጠውን ትርጓሜ አንድም ፊደል ሳትስት ወረደችው። «ምን ማለት ነው?» ብላት ዝም አለች። ደብተሩ ላይ እንጂ እርሷ ዘንድ የለም።

ከዚያ ቋንቋውን ለወጥኩ። በኦሮምኛ፣ ያ በጥግ የተቀመጠው የሸክላ እንስራ በዚህ ሙቀት ውኃውን እንዴት አቀዘቀዘው? አልኳት። ሳቀች፤ ይህ ደግሞ ይጠየቃል? በሚል አኳኋን። ከሸክላው የሚያዣው ውኃ በነፋስ ይሄዳል፤ ሲሄድም ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል አለችኝ። አንባቢ ሆይ፣ ይህች ልጅ ትምህርቱን ታውቀዋለች። የማታውቀው የተማረችበትን ቋንቋ ነው።

መጽሐፉን አጠፍኩት። ለካ ሳነበው የነበረው ነገር ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

ተከስተ ነጋሽ በሙያው የታሪክ ሰው ነው። ኤርትራ ተወልዶ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1987 የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘው በኤርትራ ስለነበረው የጣሊያን ቅኝ አገዛዝ ባጠናው ጥናት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀውም በኤርትራና በኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ታሪክ ላይ በጻፈው ነው። ዳሩ ግን ከዚህ ጎን ለጎን ሦስት ጊዜ ወደ ትምህርት ጉዳይ ተመልሷል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1990 የኢትዮጵያን ትምህርት ቀውስ ከሀገር ግንባታ ጋር አያይዞ ያየበት ነው። ሁለተኛው ከላይ ያነሳሁት ነው። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሲሆን ርእሱ ብቻውን ይናገራል፤ ትምህርቱ ከቀውስ አልፎ ወደ መፍረስ አፋፍ ደርሷል ይላል። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ቃሉ ከ«ቀውስ» ወደ «አፋፍ» መሸጋገሩን ልብ በሉልኝ።

ከእርሱ በፊት ታሪኩ አልተጻፈም ማለት አይደለም። ተሾመ ዋጋው እ.ኤ.አ. በ1979 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተመው የኢትዮጵያ ትምህርት ታሪክ ከቤተ ክህነትና ከቁርአን ትምህርት ጀምሮ መንገዱን ጠርጎ ነበር። ከዚያ ታሪክ እንደምንረዳው ዘመናዊው ትምህርታችን ገና ሲወለድ የባዕድ ቋንቋ ይዞ ነው የተወለደው። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መምህራኑን ከግብፅ፣ ዋና ቋንቋውን ከፈረንሳይ አመጣ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንንም በፈረንሳይኛ ሄደ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ እንግሊዞች ስለገቡ እንግሊዝኛ በፈረንሳይኛ ቦታ ተተካ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ደግሞ አንደኛ ደረጃን ለየብሔረሰቡ ቋንቋ ሰጠ። መንግሥት ሲለወጥ ታችኛው ፎቅ ተለዋወጠ። ላይኛው ፎቅ፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ፣ በንጉሡም በደርግም በኢሕአዴግም ዘመን በእንግሊዝኛ እንደተቆለፈ ቀረ። ዛሬም እንዲሁ ነው።

ተከስተ የያዘው ይህን ቁልፍ ነው። እርሱ ከመጻፉ በፊት ጆን ስቶዳርት የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1986 ለትምህርት ሚኒስቴር ባቀረበው ዘገባ አብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚማርበትን እንግሊዝኛ እንደማይረዳ አስታውቆ ነበር። ዘገባው የባለሙያ ሰነድ ሆኖ ቀረ። ተከስተ ግን ነገሩን ከቋንቋ መምህራን ጓዳ አውጥቶ የሀገር ጥያቄ አደረገው። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፤ መምህሩም ተማሪውም በማያውቁት ቋንቋ የሚሰጥ ትምህርት ትምህርት አይሆንም፤ እንግሊዝኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት በደንብ ይሰጥ፤ ማስተማሪያ የሚሆኑት ግን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ናቸው።

የጽሑፎቹ ተፅዕኖ ምን ያህል ነው? ለሚለው ሁለት መልስ አለ። በምሁራን ዘንድ ትልቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ኢትዮጵያ ትምህርት ከጻፉት ብዙዎቹ ወይ ይደግፉታል፣ ወይ ይከራከሩታል እንጂ ሳይጠቅሱት አያልፉም። የጥያቄውን ዓይነትም ለውጧል፤ «ስንት ትምህርት ቤት ተሠራ?» የሚለው ቀርቶ «ውስጡ የተቀመጠው ልጅ ምን ገባው?» ማለት ተጀመረ። በፖሊሲ አውጪዎች ዘንድ ግን የላይኛው ፎቅ ቁልፍ ንቅንቅ አላለም።

እኔ ራሴ ያንን ፎቅ አውቀዋለሁ። ሁለተኛ ደረጃ በገባሁ ጊዜ ትምህርቱ በ«ፕላዝማ» ሆነ። ትምህርት ቤቱን ስሙን አልጠራም፤ የአንድ ትምህርት ቤት ጥፋት አልነበረምና። በመስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ይጠይቀናል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያም ማንም ሳይመልስ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያመሰግነናል። እኛም እንስቅ ነበር። የሳቅነው በእርሱ መስሎን ነበር፤ አሁን ሳስበው በራሳችን ነው።

ይሁን እንጂ ለተከስተ ሐሳብ እጄን ዝም ብዬ አላነሳም። ቦርደዴ ላይ ሆኜ ስጠይቀው ይከብዳልና። የትኛው ቋንቋ? ኦሮሞና ሶማሌ በአንድ ገበያ በሚውሉበት፣ አማርኛም የመንገዱና የንግዱ ቋንቋ በሆነበት ቆላ፣ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ በማን ቋንቋ ይሰጥ? ይህ ጥያቄ ብዙ ደም ያፈሰሰ የፖለቲካ ጥያቄ ነው፤ እንግሊዝኛም ዕድሜው የረዘመው አንድም «የማንም ስላልሆነ ለሁሉም እኩል ነው» ስለተባለ ይመስለኛል። እኩልነቱ ግን ሁሉም እኩል የማይሰማው በመሆኑ ነው። ያም ቢሆን እንደ አዲስ አበባ ሀብታም ልጅ ያለው ይሰማዋል፤ የቦርደዴው አይሰማውም። እንግዲህ እኩልነቱ የታለ?

ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ካትሊን ሂው ከሦስት ባልደረቦቿ ጋር፣ ከእነርሱም ኢትዮጵያውያን ነበሩበት፣ በትምህርት ሚኒስቴር ጠያቂነት የየክልሉን የማስተማሪያ ቋንቋ መረመሩ። ስምንት ዓመት ሙሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ወደ እንግሊዝኛ ከተዛወሩት ይልቅ በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አገኙ። ወደ እንግሊዝኛ መፍጠኑ ለልጁ አልጠቀመውም ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው የታወቀ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በተከታዩ ዙር ደግሞ 3.2 በመቶ። ጦርነቱ፣ ወረርሽኙ፣ ቀድሞ ተስፋፍቶ የነበረው ኩረጃ መታገዱ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ቋንቋውን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ሚዛን ማጣት ነው። ቋንቋውን ከተጠያቂዎቹ ዝርዝር ማውጣት ግን ዐይንን መጨፈን ይሆናል።

«እነ እገሌስ በባዕድ ቋንቋ ተምረው ለትልቅ ደረጃ ደርሰው የለም?» የሚል አይጠፋም። የሀገሬው ምሳሌ ቅርብ ነው። አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት፣ ጨርጨርን ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው በሩሲያኛ የመድፈኛነት ትምህርት ተምረዋል። ነገር ግን የተማሩት ሩሲያ ውስጥ ነው፤ ሩሲያኛው በቤት፣ በመንገድ፣ በገበያ ከብቧቸው ነበር። ቦርደዴ ላይ እንግሊዝኛ ከክፍሉ በር አያልፍም። ደግሞስ እኚሁ ሰው ለሕዝብ የሚናገሩት ነገር ባገኙ ጊዜ የአገራችንን የመጀመሪያ ተውኔት የጻፉት በአማርኛ አይደለም? ተከስተ የሚኖርባት ስዊድን ሕዝቧ አሥር ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ልጆቿን በስዊድንኛ ታስተምራለች፤ እንግሊዝኛቸው ግን ከእኛ በብዙ ይበልጣል።

እርግጥ ነው፣ መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት፣ የሠለጠነ መምህር ይፈልጋል፤ በአንድ ዓመት አይሆንም። በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን በአማርኛ የማዘጋጀት ሥራ ጀምሮ ነበር። የተጀመረው መንገድ ለኦሮምኛም፣ ለሶማሊኛም፣ ለሌሎቹም ሊቀጥል ይችል ነበር። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ልብ ነው።

ከቦርደዴ ስነሳ ልጅቱ መጽሐፉን አገላብጣ አየችና «ስለ ምንድነው?» አለችኝ። ስለ አንቺ ነው አልኳት። ከፈተችው፤ ሁለት መስመር ያህል ሞከረች፤ መልሳም ሰጠችኝ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ስለ እርሷ በእውነት የተቆረቆረው መጽሐፍ እንኳ እርሷ በማታነበው ቋንቋ ቀርቷል። እኔም ይህን ጽሑፍ በአማርኛ ስጽፍ ግማሽ መንገድ ብቻ መሄዴን አውቃለሁ። የቀረውን ግማሽ አንድ ቀን እርሷ ራሷ በራሷ ቋንቋ ትጽፈው ይሆናል፤ የእንስራውን ሳይንስ ቀድሞውንም ታውቀዋለችና።