ክንዱን ያበጀችው ሴት

የጋላክሲን ርቀት ማን ለካ ሲባል ሁላችንም ሀብል እንላለን። እስቲ ክንዱን ማን አበጀው?

ሔንሪየታ ሌቪት በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ በሰዓት 30 የአሜሪካ ሳንቲም እየተከፈላት የሰማይ ፎቶግራፍ ትመረምር ነበር። በ1912 እ.ኤ.አ. ከእኛ እኩል ያህል የሚርቁ 25 ተለዋዋጭ ከዋክብትን አነጻጸረች፤ ደምቆ፣ ፈዝዞ፣ መልሶ ለመድመቅ ብዙ ቀን የሚፈጀው ይበልጥ ብሩህ ሆኖ አገኘችው። እንግዲህ የቅርቦቹ ርቀት አንዴ ከታወቀ፣ ቀን መቁጠር የሩቁን ኮከብ እውነተኛ ድምቀት ይነግረናል፤ ከደረሰን ብርሃን ጋር ሲተያይ ርቀቱ ይወጣል።

ጽሑፉን ያዘጋጀችው እሷ መሆኗ ቢጠቀስም ፊርማው የአለቃዋ የፒከሪንግ ነበር። ሀብል በ1923 በአንድሮሜዳ እንዲህ ያለ ኮከብ ሲያገኝ እሷ ከሞተች ወደ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ዛሬ እጅግ የራቁት ጋላክሲዎች በሱፐርኖቫ ሲለኩ እንኳ መነሻው ብዙውን ጊዜ የእሷ ክንድ ነው። ለኪው ሲመሰገን ክንዱን ያበጀውም ይቆጠር!