በፈረሱ ላይ የተቀመጠው ማን ነው?

ውድ አንባቢዎች፣ ይህ በሬዲዮ ያቀረብነው ትምህርት ነው፤ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ፣ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ገልጣችሁ እንድታነቡት አሳጥረን አትመነዋል።

ለአዊ ሰው ስለ ፈረስ ማስተማር ድፍረት ይጠይቃል። በእኛ አገር ፈረስ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ይደርሳል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአርበኞችንና የፈረሶቻቸውን ውለታ ሲዘክር እንጅባራ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ስለዚህ የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6ን ስናነብ ሥዕሉ ቶሎ ይገባናል። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም አራቱን ፈረሶች በፈረሰኛ ቋንቋ ነው የጠሯቸው፦ አምባላይ፣ ዳማ፣ ጉራቻ፣ ሐመር።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ ፍርሃት ነው። የጦርነት ወሬ ሲሰማ “ዳማው ወጣ” ይባላል። የእህል ዋጋ ሲወደድ “ጉራቻው ደረሰ”፤ ኮሮና ሲመጣ “ሐመሩ ይኸው!” በስልክ ላይ ቀን ቆርጦ የሚናገርም አይጠፋም። ይህ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ዊልያም ሚለር የሚባል ገበሬና ሰባኪ በዳንኤል 8፥14 ያለውን 2300 ቀን እንደ 2300 ዓመት አሰላው። ተከታዮቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 22 ቀን 1844 ጌታ ይመጣል ብለው ቀን ቆረጡ። አዝመራቸውን ሳይሰበስቡ የጠበቁም ነበሩ። ቀኑ መጣ፤ አለፈ። የብዙዎችም ልብ አብሮ ተሰበረ። ምልክትን ያለ ቦታው መፍታት ዋጋ ያስከፍላል፣ ወገኖቼ።

ፈረስ በነቢያት ዘመን

ምልክትን ለመፍታት በመጀመሪያ “ያን ጊዜ የሰሙት ሰዎች ምን ተረዱ?” ብለን እንጠይቅ። በዚያ ዘመን ፈረስ የዛሬው ታንክ ነበር። የሙሴ ሕግ ንጉሡ ፈረስ እንዳያበዛ አዘዘ (ዘዳ. 17፥16)፤ ሰሎሞን ግን ከግብፅ አስመጣ (1ነገ. 10፥28)። ኢሳይያስ ደግሞ በግብፅ ፈረስ የሚታመኑትን ወዮላቸው አለ (ኢሳ. 31፥1)። ፈረሱ ኃጢአት ስለሆነ አይደለም፤ እምነታቸውን ከእግዚአብሔር አንሥተው ፈረሱ ላይ ስለጫኑት ነው።

ዘካርያስ ትንቢት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ520 ግድም ነው። ከባቢሎን የተመለሰው ሕዝብ ጦር የለው፣ ቅጥር የለው። በዚያ ሰዓት ነቢዩ ምድርን ሁሉ የሚቃኙ ፈረሶች አየ (ዘካ. 1፥8-11)። እናንተ ፈረስ ባይኖራችሁም የእግዚአብሔር ቃኚዎች መንገድ ላይ ናቸው ማለት ነው። ራእዩ የመጣው ሊያስፈራራቸው ነው? አይደለም፤ ሊያጽናናቸው ነው።

ፍጥሞ ላይ የታዩት አራቱ

ዮሐንስም በፍጥሞ ደሴት ሆኖ የጻፈው በመከራ ላሉ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት ነው። ብዙ ሊቃውንት ዘመኑን በሮማዊው ንጉሥ በድምጥያኖስ ጊዜ፣ በ95 ዓመተ ምሕረት ግድም (እንደ አውሮፓ) ያደርጉታል። እነዚያ ምእመናን ቀስት የያዘ ፈረሰኛ ሲባሉ የጳርቴ ሰዎች ትዝ ሳይሏቸው አይቀርም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 ዓመት አብርሃም ተቀምጦባት በነበረችው በካራን አጠገብ የሮምን ጦር በቀስት የፈጁት እነርሱ ናቸውና። ጉራቻው ላይ ያለው ደግሞ ሚዛን ይዟል፤ አንድ እርቦ ስንዴ በአንድ ዲናር ይሸጣል። ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው (ማቴ. 20፥2)፤ አንድ እርቦም የአንድ ሰው የቀን ምግብ ነው። እስቲ አስቡት፦ አባት ቀኑን ሙሉ ለፍቶ የራሱን ሆድ ብቻ ይሞላል። ልጆቹስ?

ድል አድራጊ ጦር፣ የእርስ በርስ መገዳደል፣ ረሃብ፣ ሞት። እነዚህን ያላየ ትውልድ አለ እንዴ? ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱን የፈጀው ክፉ ቀን ኢትዮጵያን ሲመታ አያቶቻችን ጉራቻውን አይተዋል። በ1977ም ታይቷል። ጌታ ራሱ ይህ ሊሆን ግድ ነው፣ ነገር ግን መጨረሻው ገና ነው ብሎ አስጠንቅቋል (ማቴ. 24፥6)።

ስም ያለው ማን ነው?

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። በእኛ ታሪክ ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። ራእዩ ግን ይህን ይገለብጠዋል። ፈረሶቹ መልክ እንጂ ስም የላቸውም፤ ስም ያለው ጋላቢው ነው። በሐመሩ ላይ የተቀመጠው “ሞት” ይባላል። በምዕራፍ 19 በአምባላዩ ላይ የሚመጣው ግን የታመነና እውነተኛ ነው።

ደግሞም አንዱም ፈረስ በራሱ ፈቃድ አይወጣም። ማኅተሙን የሚፈታው የታረደው በግ ነው። ለጋላቢዎቹም ሥልጣን “ተሰጣቸው” እንጂ የራሳቸው አይደለም፤ የሐመሩም ድርሻ በምድር ላይ አራተኛው እጅ ተብሎ ተወስኗል። ልጓሙ ያለው ስለ እኛ በሞተው እጅ ነው! ሃሌሉያ!

ይህ ንጉሥ አስቀድሞ ወደ ኢየሩሳሌም የገባው በአህያ ነው (ዘካ. 9፥9)። በአምባላይ ሲመለስም ሰይፉ ከአፉ ይወጣል እንጂ በእጁ አይደለም። እንግዲህ ወንድም በወንድሙ ላይ በሚነሣበት ዘመን፣ የበጉ ተከታይ ማንን ሊመስል ይገባል? ዳማውን ወይስ በጉን? ትንቢት ገብቶኛል የሚል ሰው ዘሩን ይዝራ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ይላክ፣ የተራበ ጎረቤቱን ያብላ። ሐዘንተኛው የየትኛውም እምነት ተከታይ ይሁን፣ ሄዶ አብሮት ይቀመጥ።

የፈረስ ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስ በጦር ሜዳ አያበቃም። ዘካርያስ በመጽሐፉ መጨረሻ በሊቀ ካህናቱ ግንባር ላይ የነበረው ጽሕፈት፣ ለእግዚአብሔር ቅዱስ የሚለው፣ በፈረሶች ቃጭል ላይ ተጽፎ አየ (ዘካ. 14፥20)። ለጦርነት የተጫነው ፈረስ ለእግዚአብሔር ተለየ! አንባቢዬ፣ ፈረስ ከተቀደሰ አንተማ፣ አንቺማ እንዴት አብልጦ? በሕይወታችሁ ኮርቻ ላይ የተቀመጠው ማን ነው? ፍርሃት ከሆነ ዛሬ ይውረድ። “ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ልጓሜን ያዝ” በሉት፤ እርሱ የታመነ ነው። አሜን።