የከሚሴ መንገደኛ ወንበር አይመርጥም

ጠጋ ጠጋ በሉ ወገኖቼ። ቡናው ገና አቦል ነው፣ ዝናቡም ቶሎ የሚያባራ አይመስልም፤ እስኪያባራ አንድ የመንገድ ወግ ላውጋችሁ። ትልቅ ነገር እንዳትጠብቁ፣ የወንበር ወግ ነው። ግን ሰው ሩቅ መንገድ ሲወጣ፣ ከስንቁ ቀጥሎ የሚያስጨንቀው የት እንደሚቀመጥ አይደለም እንዴ?

ከሚሴ እንደምታውቋት መሐል መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲኬድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የቦርከና ወንዝም ከደሴ በኩል ተነስቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ የጨፋን ረግረግ እያጠጣ ይወርዳል፤ በጋው ሲጠና አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም ከብቱን እየነዳ ወደዚያ ሣር ይመጣል። አውራ ጎዳናው ከተማዋን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋልና መኪና አይጠፋም፤ የሚጠፋው ወንበር ነው። የደሴ ሰው ትኬቱን በማለዳ ቆርጦ፣ መስኮቱን መርጦ፣ ጋቢውን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ የከሚሴ ሰው ግን ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ሲል ሮጦ ይገባና የተረፈውን ይይዛል። የተረፈው ደግሞ ወይ ጎማ ላይ ያለው ነው፣ ወይ የመጨረሻው ረድፍ ነው፣ ወይ መተላለፊያው ላይ የምትቀመጥ ዱካ ናት። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ጋቢናው ላይ ጥሎ፣ የሚወርድ ሰው እስኪገኝ ይጠብቃል።

እንግዲህ አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን ልተወውና እናታችን ልበላቸው። በርበሬና ቅመም እየሸጡ፣ እቁብ እየጣሉ፣ ሳንቲም በሳንቲም ላይ እየደራረቡ ኖረው፣ በመጅሊሱ በኩል ተመዝግበው ሐጅ ደረሳቸው። የመሄጃቸው ቀን ሲቃረብ ቤት ለቤት እየዞሩ «አውፍ በሉኝ» አሉ፤ ተቀያይመው የነበሩትን ሳይቀር በር አንኳኩተው ታረቁ፤ ጎረቤቱም ተሰብስቦ ዱአ አደረገላቸው። ከዚያም በማለዳ ነጭ ሻሻቸውን አስረው መንገድ ዳር ቆሙ፤ የመጣው ደግሞ አፉ ድረስ የሞላ ቅጥቅጥ ነበር፤ ረዳቱም ሻንጣቸውን ወደ ላይ፣ እሳቸውን ወደ መጨረሻው ረድፍ ሰደደ። የሸኛቸው የወንድማቸው ልጅ ለረዳቱ የሻይ ሊያቀብል እጁን ወደ ኪሱ ቢሰድ፣ «ተው ልጄ፣ ለሐጅ የወጣሁ ሰው ወንበር በጉቦ አልገዛም» አሉና ወደ ኋላ ሄዱ።

የመጨረሻውን ረድፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። አስፋልቱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር ሰው ከወንበሩ ይነሳና መልሶ ይፈጠፈጣል። እናታችን በአንድ እጃቸው የፊተኛውን ወንበር ብረት ይዘው፣ በሌላው ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ፣ ከዚክሩ መሐል ሰርቀው ጋቢናውን ያያሉ። ካራቆሬ ሲደርሱ የወረደ የለም። አጣዬም የለም። ያ መንገድ በ2013 ዓ.ም. በነበረው ግጭት ክፉ ቀን አይቷል፣ የተቃጠለው ቤት የማን እንደነበር እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ፤ በአውቶቡሱ ውስጥ ወሬ ሁሉ ለትንሽ ጊዜ ቀዘቀዘና፣ ከዚያ አንዱ ሳል ሲያሰማ መልሶ ቀጠለ። ሰንበቴንም፣ ጀውሃንም አለፉ፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ፣ ያ ጋቢና ውስጥ ሲያንቀላፋ የነበረው ሰውዬ ነቅቶ ወረደ። ረዳቱም ወደ ኋላ ተጣራ፤ «እማማ፣ ሐጂቷ! ይምጡ ወደ ፊት!»

ኧረ ደስታ! እግር የሚዘረጋበት ቦታ፣ ንጹሕ አየር፣ ሹፌሩ የከፈተው መንዙማ፣ ፊት ለፊት ደግሞ አገር ምድሩን የሚያሳይ መስታወት። እናታችን «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተደላደሉ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተው ለሹፌሩም ዘገኑለት። ከዚያ ግን ዳገቱ መጣ፣ ከዳገቱ ጋር ጉሙ መጣ፣ ከጉሙ ውስጥ ደግሞ ተሳቢው ከባድ መኪና እየተወለጋገደ መጣ፤ በቀኝ ገደል፣ በግራ ቋጥኝ። የኋላው ረድፍ ተኝቷል፣ ምንም የሚያየው የለም፤ ጋቢና ያለው ግን እያንዳንዱን ገደል ከሹፌሩ እኩል ያያል። «ልጄ፣ ቀስ በል» ይላሉ እናታችን፤ «አብሽሩ እማማ፣ መንገዱ የእጄ መዳፍ ነው» ይላል ልጁ፤ እሳቸው ግን ሸሃዳቸውን ሦስቴ አሉ። በጣሊያን ጊዜ የተፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ያን ዕለት ግን የአንድ ቀን መንገድ መሰላቸው፤ ወጥተው የደብረ ብርሃን ብርድ ፊታቸውን ሲመታው ነው ትንፋሻቸው የተመለሰው።

ለምሳ ከቆሙ በኋላ አንዲት ልጅ ጨቅላ አዝላ ገባች፤ ረዳቱም ዱካውን አወጣላት። እናታችን ዞር ብለው አዩዋትና፣ ምንም ሳይሉ ከጋቢናው ወርደው በኋላው በር ገቡ፤ ልጅቷን በትከሻዋ ይዘው «ሂጂ፣ ሞቅ ያለው እዚያ ነው» አሏትና ዱካው ላይ ቁጭ ሊሉ ሲሉ፣ አንድ ወጣት ከመስኮት አጠገብ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸውና እሱ ዱካው ላይ ተቀመጠ። ሸኖን፣ አለልቱን፣ ሰንዳፋን አልፈው አዲስ አበባ እስኪገቡ፣ በዚያ መኪና ውስጥ ሦስት ሰው ወንበር ቀይሮ ነበር፣ የከፈለበት ግን አንድም የለም።

ቦሌም ደረሱ። አውሮፕላኑ ውስጥ ሲገቡ ሰፋፊዎቹን የፊት ወንበሮች አልፈው፣ መጋረጃውን አልፈው ወደ ኋላ ሄዱ። አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት ነገሩን የሚያውቅ ነውና፣ ያ የፊቱ «ክላውድ ናይን» እንደሚባል፣ ኋላው ከልኩ በላይ ሲሸጥ አንዳንዴ አየር መንገዱ ራሱ ጥቂት ሰው መርጦ ወደ ፊት እንደሚያሳልፍ፣ ቅድሚያውም ብዙ ጊዜ ለቋሚ ደንበኛው መሆኑን ነገራቸው። እናታችን አንድ ሁለቴ መጋረጃውን አዩ። ማንም አልጠራቸውም። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጅዳ አረፉ።

እንግዲህ እሳቸው ጅዳ እንደ ደረሱ ይቆዩን፣ ቶናው እስኪወርድ የድሮውን ልንገራችሁ። የወሎ ሰው ሐጅ ሲያደርግ በአየር የሄደው የቅርብ ጊዜ ነው። አያቶቻችን በእግርና በግመል በረሃውን ወርደው፣ አንዱ ወደ ምጽዋ፣ አንዱ ወደ ታጁራ፣ ከዚያም በሰምቡክ ቀይ ባሕርን ይሻገሩ ነበር፤ ኋላ ጊዜ ደግሞ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አሰብ የሚያደርሰው መንገድ ተሠራ። እንፋሎት መርከብ ሲመጣ የመርከብ ቦታ በሁለት ተከፈለ፤ ገንዘብ ያለው ክፍል ይከራያል፣ የሌለው ሐጃጅ ምንጣፉን ወለሉ ላይ ይዘረጋል፣ ያበስላል፣ ይሰግዳል፣ ይተኛል።

በፈረንጆች 1880 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነው፣ እንዲህ ካሉት አንዷ፣ «ጅዳ» የተባለች መርከብ፣ ከሲንጋፖር ከ900 በላይ ሐጃጆችን ጭና ተነሳች። የሕንድን ውቅያኖስ ስትሻገር ማዕበሉ በረታ፣ የእንፋሎት ጋኖቿ ከመቀመጫቸው ተላቀቁ፣ ውኃም ገባ። እዚሁ ሶማሌ አፍንጫ ላይ፣ ጋርዳፉይ አካባቢ፣ ካፒቴኑ ሚስቱንና መኮንኖቹን ይዞ በሌሊት በነፍስ አድን ጀልባ ወረደና ሐጃጆቹን ጥሎ ሄደ። ሌላ መርከብ አንስቶ ኤደን አደረሳቸው፤ እነሱም «መርከቢቱ ከነሰዉ ሰጠመች» ብለው ቃላቸውን ሰጡ፣ ወሬውም በቴሌግራም ዓለምን ዞረ። ሐጃጆቹ ግን ውኃውን በባልዲ ተቀባብለው ሲቀዱ፣ ሸራ ዘርግተው ወደ ምድር ሲያቀኑ ነበር። «አንቴኖር» የምትባል መርከብ አግኝታ እየጎተተች፣ ካፒቴኑ «ሰጠሙ» ብሎ በተናገረ ማግስት ኤደን ወደብ አስገባቻቸው፤ የሞቱት ሰዎች በመርከቡ ጠርዝ ላይ ቆመው ወደ ወደቡ ያያሉ! ካፒቴኑ ለሦስት ዓመት ፈቃዱ ታገደ። ጆሴፍ ኮንራድ የሚባል ደራሲም ነገሩን መነሻ አድርጎ በፈረንጆቹ 1900 «ሎርድ ጂም» የሚል መጽሐፍ አወጣ። እንግዲህ ያን ሌሊት የክፍል ቁልፍ የያዘው የት ሄደ፣ ወለል ላይ የተኛውስ የት ደረሰ፣ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ወደ እናታችን እንመለስ። ዐረፋት ላይ ቆሙ፤ ወንዱ ሁሉ ሁለት ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ሚኒስትሩም በረኛውም አንድ ፀሐይ ስር ቆሞ አዩ፣ አለቀሱ፣ ለከሚሴም ለአጣዬም ዱአ አደረጉ። ሐጁ ሲያበቃ፣ ጅዳ የሚሠራ የእህታቸው ልጅ መካ ድረስ ሊጠይቃቸው መጣ፤ ዛሬ ኢቃማ አለው፣ ሹፌር ነው። ቴምር በልተው፣ ሻይ ጠጥተው ሲያወጉ፣ ልጁ ስልኩን አውጥቶ አንዲት ነጭ መርከብ አሳያቸው። «አሮያ» ትባላለች፣ የሳዑዲ ናት፣ በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ነው ከጅዳ ሥራ የጀመረችው፣ ከ1,600 በላይ የመኝታ ክፍሎች አሏት። «አንድ ቀን በዚች አንሸራሽርዎታለሁ አክስቴ» አላቸው።

እሳቸውም «ይሄን ሁሉ ክፍል ሰው እንዴት ይመርጠዋል?» ብለው ጠየቁ፤ ልጁም ሲያጠና ከርሟልና አስረዳ። አንዱ መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ነው፣ እሱ ርካሹ ነው፤ ሁለተኛው መስኮት አለው፤ ሦስተኛው በረንዳ አለው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሳሎኑ ለብቻ፣ መኝታው ለብቻ ነው። ከክፍልዎ በላይ ወይ በታች ምን እንዳለ ማየት ነው፣ ጭፈራ ቤቱ ስር ከሆነ ሌሊቱን አይተኙም። ደግሞ በአንዳንድ መርከቦች የክፍሉን ዓይነት ብቻ መርጦ፣ ቁጥሩን ለድርጅቱ ትቶ በቅናሽ መክፈል አለ፤ ከከፈሉበት ዝቅ አያደርጉዎትም፣ ባዶ ክፍል ከተረፈ ግን ከፍ ሊያደርጉዎት ይችላሉ፤ ሰው በዚያ ተስፋ ነው የሚገዛው።

«ታዲያ ይሄ የኛው ቅጥቅጥ አይደለም እንዴ!» አሉ እናታችን፤ ሳቁ። «ሲናወጥስ የቱ ይሻላል?»

«ታችኛውና መሐሉ ነው ብዙ የማይወዛወዘው። ላይኛውና ጫፉ ያንገላታል።»

«ውዱስ የቱ ነው?»

«ላይኛው።»

እናታችን የጣርማ በር ገደል ትዝ አላቸውና እንደገና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው በረድ ሲል፣ «አንተስ ባሕሩን ስትሻገር የት ነበር የተቀመጥኸው?» አሉት። ይህን ጠይቀውት አያውቁም ነበር።

ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከጅቡቲ ዳርቻ፣ ከኦቦክ፣ ሌሊት በጀልባ እንደ ተነሱ ነገራቸው። ባሕሩ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጀልባዋ ላይ ግን ቦታ የሚደለድለው ዱላ ነው፣ እሱንም ጀልባዋ ሆድ ውስጥ፣ ናፍጣው የሚሸትበት ከተቱት። መነሳት የለም፣ መዞር የለም፣ የተንቀሳቀሰ ይመታል። እግሩ ደንዝዞ ሊጮህ ሲል፣ አጠገቡ ያለ የባቲ ልጅ፣ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው፣ እግሩን አንስቶ በራሱ ጭን ላይ አደረገለት። «እስኪነጋ እንደዚያው ነበርን» አለ። ያ ባሕር እስከ ዛሬ ልጆቻችንን እየበላ ነው፤ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. እንኳ የመን፣ አብየን ዳርቻ አንዲት ጀልባ ተገልብጣ ከ90 በላይ ሰው፣ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ፣ አልቋል። እነዚያን አውፍ ይበላቸው በሉ። እናታችንም እጃቸውን ዘርግተው የልጁን ጉልበት ዳበሱት፣ ከዚያ በላይ አልጠየቁም።

ከሚሴ ሲመለሱ አገር ወጥቶ ተቀበላቸው፤ ዘምዘም ተቀዳ፣ ቴምር ታደለ፣ ቡናም ተፈላ፤ እኔም የሰማሁት እዚያው ነው። ይህን ሁሉ አውግተው ሲጨርሱ፣ አንዷ ጎረቤት፣ ነገር የምትወድ፣ «እንግዲያው ሐጂ፣ ያ ልጅ በመርከቧ ቢወስድዎ የማይናወጠውን ታችኛውን ነዋ የሚመርጡት?» አለቻቸው።

«እህ፣ መምረጥስ እሱን ነበር የምመርጠው» አሉ።

«ሳይከፍሉ ባለ በረንዳውን ቢሰጡዎስ?»

እናታችን ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ከሰጡኝማ ወላሂ አልመልስም!» አሉና፣ ቤቱ በሳቅ ሲሞላ ጠብቀው ጨመሩበት፤ «ግን እሱ በረንዳ ስንት ሰው ይይዛል?»