ጩኸትና አድራሻ

አገር ቤት እሪታ አድራሻ አልነበረውም። ቤት ሲቃጠል፣ ምጥ ሲጠና፣ ሌባ ሲገባ አንዱ ደጅ ወጥቶ «ኧረ የሰው ያለህ! ያገር ያለህ!» ይላል። የሰማ ሁሉ ዱላውንም ጋቢውንም አንጠልጥሎ ይሮጣል። «የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጩኸቱ ከየት እንደመጣ፣ የማን ድምፅ እንደሆነም ጆሮ ያውቀዋል። ሰምቶ የቀረ ሰው በማግሥቱ ሰፈሩ ፊት ይነሣዋል። ግዴታው በጽሑፍም ሰፍሯል፦ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው መርዳት እየቻለ ትቶት የሄደን ይቀጣል።

ከዴንቨር በስተምዕራብ፣ ሌክውድ ውስጥ አፓርታማ የተከራየ ሐበሻ ግን ቢጮህ ማን ይሰማዋል? ጎረቤቱ ስሙን አያውቅም፤ ግድግዳውም ድምፅ አያሳልፍም። እዚህ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ፊቱ ላይ ብዙ ስክሪን ተደርድሮለት፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ የተቀመጠ የ911 ጥሪ ተቀባይ። ያ ሰው ድምፃችንን አያውቅም፣ ቤታችንንም አያውቅም። ሥራው ጩኸትን ወደ አድራሻ መለወጥ ነው። ስለዚህም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ሆኑ?» ሳይሆን «የት ነው ያሉት?» የሚለውን ነው። ስልኩ መሀል ላይ ቢቋረጥ እንኳ ቦታው ከታወቀ ሰው ይላካል፤ ቦታው ካልታወቀ ግን የቀረው ታሪክ ሁሉ አይጠቅምም።

ይህ ሥራ እዚህ ለመድረስ ረጅም መንገድ ሄዷል። (ዓመቶቹን ከዚህ በኋላ በእ.ኤ.አ. እጽፋለሁ።) በኅዳር 1935 ለንደን ውስጥ ዊምፖል ስትሪት ላይ አንድ ቤት ተቃጥሎ አምስት ሴቶች ሞቱ። እሳቱን ያየ ጎረቤት የእሳት አደጋን ለመጥራት ቢደውል ኦፕሬተሯ ጋ ወረፋ ያዘ፤ ተናድዶም ለጋዜጣ ጻፈ። በሰኔ 1937 ለንደን 999ን ጀመረች። አሜሪካ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ዘገየች። አንድ የፕሬዚዳንቱ ኮሚሽን በ1967 ለፖሊስ አንድ ወጥ ቁጥር ይኑር ብሎ መከረ፤ በየካቲት 16 ቀን 1968 አላባማ ውስጥ ሄይሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ ተደወለ። ቁጥሩ በሕግ የመላ አገሪቱ የአደጋ ጊዜ ቁጥር የሆነው ግን በ1999 ነው። እስከዚያ ድረስ በየከተማው እንደየአቅሙ ነበር።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጣው ለውጥ ነው። ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ጄፍ ክላውሰን የሚባል ሐኪም ጥሪ ተቀባዮች ደረጃ በደረጃ የሚጠይቁትንና ለደዋዩ የሚነግሩትን የሚያሳዩ ካርዶች አዘጋጀ። ጥሪ ተቀባይ ከዚያ በፊት መልእክት አስተላላፊ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አምቡላንሱ እስኪደርስ ድረስ የደዋዩ እጅ የሚታዘዝለት ሰው ሆነ። ልቡ የቆመበትን ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እንድንጫን አብሮን እየቆጠረ ይመራናል። ብዙ ወገኖቻችን «ጥያቄ አበዛብኝ፣ ሰው መላክ ትቶ ያወራል» ብለው ስልኩን ይዘጋሉ። እኛ ስንመልስ ግን እሱ ይተይባል፤ ሌላው ባልደረባው፣ ስምሪት ሰጪው፣ ያንኑ እያነበበ መኪናውን ቀድሞ ያስነሣል። ጥያቄው እርዳታውን አያዘገየውም።

ይህን ሁሉ የሚሸከም ሰው በፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ምደባ የሚቀመጠው ከቢሮ ጸሐፊዎች ተራ ነው። ሠራተኞቹ ምደባው እንዲቀየር ለዓመታት ሲጠይቁ ኖረዋል። እውነት አላቸው፤ የሰው የመጨረሻ ትንፋሽ በጆሮው የሚያልፍ ሰው ሥራ የጽሕፈት ሥራ አይደለም።

ሌክውድ ራሷ ከተማ የሆነችው በ1969 ነው፤ በጀፈርሰን ካውንቲ ውስጥ በኋላ ላይ የተቋቋመች፣ ከዴንቨር በሸሪዳን ቡሌቫርድ ብቻ የምትለይ። ለነዋሪው ሸሪዳን ተራ መንገድ ነው፤ አንዱ ዳር ገበያ፣ ሌላው ዳር ቤት። ለ911 ግን ድንበር ነው። በሚያዝያ 2012 የሆነውን እዚህ የምንኖር አፍሪካውያን ልንረሳው አይገባም። ሱዳናውያን ስደተኛ ወንድማማቾች ዴንቨር ውስጥ መኪናቸው ውስጥ ሳሉ ጥቃት ደረሰባቸው። ከሌክውድ ሰሜን ወዳለችው ዊት ሪጅ፣ ወደ ቤታቸው ሸሽተው ወደ ዴንቨር 911 ደወሉ። ጥሪ ተቀባዩ ፖሊስ እንዲያገኛቸው ወደ ዴንቨር ክልል እንዲመለሱ ነገራቸው። ተመለሱ። አጥቂዎቹ እንደገና አገኟቸው፤ ከወንድማማቾቹ አንዱ ተተኩሶበት ሞተ። ጥሪ ተቀባዩ ከሥራ ተባረረ። የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን በ2016 በሕግ በግሉ አይጠየቅም አለ። ከደጃቸው ተነሥተው ወደ ሞት የተመለሱት መንገድ መሀል ባለ መስመር ምክንያት ነው።

የድንበሩ ችግር በዚህ ካውንቲ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። በሚያዝያ 20 ቀን 1999 ኮለምባይን ትምህርት ቤት ውስጥ 12 ተማሪዎችና አንድ መምህር በተገደሉበት ዕለት፣ ከየአቅጣጫው የደረሱት የፖሊስና የአምቡላንስ ሠራተኞች ሬዲዮ በየራሱ ሞገድ ስለሚሠራ ብዙዎቹ እርስ በርስ መነጋገር አልቻሉም። አስከሬን ከተነሣ በኋላ ኮሚሽን ተቋቁሞ ጉድለቱን መዘገበ። ይሁን እንጂ የሌክውድ፣ የአርቫዳ፣ የዊት ሪጅ፣ የጎልደን፣ የሸሪፉና የእሳት አደጋው የጥሪ ክፍሎች ተጠቃለው ጄፍኮም በሚባል አንድ ማዕከል የገቡት በ2018 ነው። መቀመጫው ሌክውድ ነው። ከኮለምባይን በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ይህ መዘግየት ይቆጨኛል። ቢሆንም ተደርጓል፤ ካውንቲው ውስጥ የሚጮህ ሰው ዛሬ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ያን ያህል አይወረወርም። ከሸሪዳን ማዶ ግን አሁንም ሌላ ማዕከል ነው። በታኅሣሥ 2021 አንድ ታጣቂ ዴንቨር ላይ መግደል ጀምሮ ሌክውድ፣ ቤልማር ገበያ ውስጥ በፖሊስ እስኪገደል አምስት ሰው ሲጨርስ፣ ወንጀሉ መስመሩን በመኪና ለመሻገር ደቂቃዎች በቅተውታል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ኮልፋክስ ጎዳናን የማያውቅ የዴንቨር ሐበሻ የለም። እንጀራውም ቡናውም በብዛት ያለው በምሥራቁ በኩል ነው፤ ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ ያው መንገድ ሌክውድን አቋርጦ ወደ ጎልደን ይሄዳል። የቤት ቁጥሩ መሀል ዴንቨር ከብሮድዌይ ተነሥቶ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይቆጥራል። ስለዚህ «9000 ኮልፋክስ» ሁለት ቦታ ነው፦ ምሥራቁ ከጎረቤቷ ከተማ ከአውሮራ ድንበር ላይ፣ ምዕራቡ ሌክውድ ውስጥ። በመካከላቸው ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። «ኢስት» ወይም «ዌስት» የምትለዋን አንዲት ቃል የዘነጋ ደዋይ አምቡላንሱን ወደ ሌላ ከተማ ሊልከው ይችላል። ሞባይሉ ቦታውን ይናገር የለ ወይ ቢባል፣ የሞባይል ግምት ፎቅና የበር ቁጥር ለይቶ አይናገርም። እኛ ደግሞ «ከመድኃኔዓለም ጀርባ፣ ከመብራት ኃይሉ አለፍ ብሎ» እያልን ያደግን ሰዎች ነን።

ከዚያ ቋንቋው አለ። በ1982 ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ፖሊስ ከቬትናም ስደተኞች ጋር መግባባት ቢቸግረው በጎ ፈቃደኛ አስተርጓሚዎችን በስልክ የሚያገናኝ አገልግሎት አቋቋመ። ዛሬ 911 ላይ በአማርኛ የሚያነጋግረን ሰው የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው፤ ጥሪ ተቀባዩ አስተርጓሚውን በሦስተኛ መስመር ያስገባዋል። ከጀርባው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አለ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ2000 ያን የሚያጠናክር ትእዛዝ ፈርመው ነበር፤ ትእዛዙ በ2025 ተሻረ። ሕጉ ግን አልተሻረም።

አስተርጓሚው ሲመጣ ችግሩ ሁሉ አያልቅም። እናት «ምች መታው» ትላለች። ልጅ «ትን አለው» ይላል። «ራሱን ሳተ» የሚለውን ከጭንቅላት ጋር ያያያዘ አስተርጓሚ ትርጉሙን ይስተዋል። ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን ሰዓታችን ነው። ስትሮክ የመታው ሰው የደም ጓል የሚያሟሟውን መድኃኒት በአብዛኛው የሚያገኘው ምልክቱ ከታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ሚስት ጠዋት በፈረንጅ ዐሥር ሰዓት ላይ ደውላ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ አፉ ተጣመመ» ብትል፣ እሷ የምትለው ከሌሊቱ ዘጠኝ ነው፤ ለፈረንጁ ከሌሊቱ ሦስት። የሚመዘገበው ግን ከአንድ ሰዓት በፊት ሊሆን ይችላል፤ እውነቱ ሰባት ሰዓት አልፎታል። ሐኪም የሚወስነው ደግሞ በተመዘገበው ላይ ነው። ደዋይ «በሐበሻ ሰዓት» ወይም «በፈረንጅ ሰዓት» ብሎ ለይቶ መናገር አለበት፤ አስተርጓሚም መጠየቅ አለበት።

ቃል ሲጎድል ብቻ ሳይሆን ሲበዛም ይገድላል። በነሐሴ 2019 አውሮራ ውስጥ አንድ ደዋይ ፊቱን ስለሸፈነ ወጣት 911 ነገረ፤ መሣሪያ እንዳላየ፣ የሚያሰጋው ሰውም እንደሌለ ጨምሮ ተናግሯል። ለፖሊሶቹ የደረሳቸው «አጠራጣሪ ሰው» የሚለው ነበር። ወጣቱ ኤላይጃ ማክሌን ነበር፤ ፖሊሶች አንገቱን አነቁት፣ የእሳት አደጋ ክፍል ፓራሜዲኮች ኬታሚን ወጉት፤ ከቀናት በኋላ ሞተ። በ2023 አንድ ፖሊስና ሁለት ፓራሜዲኮች ጥፋተኛ ተባሉ። እኛም ጎረቤታችንን ለ911 ስንነግር ያየነውን ብቻ እንንገር፤ የፈራነውን አንጨምርበት።

አዲስ አበባ ያለው መንገድ ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስልኮች በምኒልክ ዘመን ገቡ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በ1935፣ በወረራው ዋዜማ ተመሠረተ። ዛሬ ፖሊስ 991፣ እሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ክብረት አበበ ቤቱን ሸጦ ያቋቋመው ጠብታ አምቡላንስ ደግሞ የራሱ ቁጥር አለው። ለተጨነቀ ሰው ከእነዚህ መርጦ መደወል ከባድ ነው። እዚያ ጥሪ የሚቀበሉት እኅቶችና ወንድሞች ያለ ቤት ቁጥር፣ በምልክት ብቻ፣ «ከየቱ ሱቅ በኩል ነው?» እያሉ ሰው ፈልገው ያገኛሉ። ያ ችሎታ እዚህ ካሉት ባልደረቦቻቸው አይተናነስም።

ሌክውድም ሆነ አውሮራ የሚኖር አንባቢ ዛሬ ማታ ወደ እናቱ ይደውል። የቤቷን ቁጥር፣ መንገዱን ከነ ኢስቱ ወይም ከነ ዌስቱ፣ የአፓርታማዋን በር በእንግሊዝኛ ያስጠናት፤ በትልቁ ጽፎም ፍሪጁ ላይ ይለጥፍላት። ቀጥሎ «አማርኛ» ሳይሆን «አምሃሪክ» እንድትል ይንገራት፤ ጥሪ ተቀባዩ ዝርዝሩ ላይ የሚያገኘው በዚያ ስም ነው። ከዚያ በኋላ ዝምታ ቢሰማም ስልኩን እንዳትዘጋ። አስተርጓሚው እየተፈለገ ነው።