ማሽላው ይበላ ወይስ ይጠጣ?

ማሽላ ለኢትዮጵያ ገበሬ የቤት ልጅ ነው፤ እንጀራም፣ ጠላም፣ አረቄም ይሆናል። ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ከተላመደበት ከምሥራቅ ሱዳን ተነሥቶ ቻይና ሲደርስ ደግሞ የአገሩ አረቄ የ«ባይጂዩ» ዋና እህል ሆነ። የቻይናን ገዢዎች ደጋግሞ የፈተነ ጥያቄም አብሮት መጣ፦ ይህ እህል ይበላ ወይስ ይጠጣ?

ማሽላ ለአረቄ የተመረጠው በክብሩ ሳይሆን የድሃ እህል በመሆኑ ነው። በሰሜን ቻይና ድርቅም ጎርፍም ስለሚችል ገበሬው ይዘራዋል። አገዳው ማገዶና አጥር ነው። ፍሬው ግን ይመራል፤ ሩዝና ስንዴ ያለው ሰው አይመርጠውም። ስለዚህ ገበሬው ለአረቄ አውጪ ይሸጠዋል፤ አተላውም ለአሳማ ይተርፋል።

እ.ኤ.አ. በ1737 ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ በአምስት የሰሜን ግዛቶች አረቄ ማውጣት እንዲከለከል አዘዙ። አረቄ የሚፈጀው እህል ለክፉ ቀን ይቀመጥ ነው ነገሩ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ሱን ጂያጋን ግን ተቃወሙ። አረቄው ቢቀር ሰው መጠጣቱን አይተውም፤ ወደ ጠመቃው ይዞራል፤ ጠመቃው ደግሞ የሚበላው ምርጡን እህል ነው አሉ። በኋላም የዢሊ ግዛት አስተዳዳሪ ሆነው በክልከላው ሰበብ ከ1,000 በላይ ሰው መያዙን ለንጉሡ ጻፉ።

በደቡብ ምዕራብ፣ በጉይዡ ግዛት፣ በማኦታይ ከተማ የሚሠራበት ማሽላ ለየት ይላል። ቀይ፣ ደቃቅ፣ ቆዳው ወፍራም፣ ውስጡ የሚያጣብቅ ነው። 9 ጊዜ በእንፋሎት ይበስላል፣ 8 ጊዜ ይቦካል፣ 7 ጊዜ አረቄ ይወጣዋል። ሥራው ዓመት ይፈጃል፤ ሌላ ዓይነት ማሽላ ቢሆን መንገድ ላይ ላሽቆ ይቀራል። ለ1 ኪሎ አረቄ 5 ኪሎ ያህል እህል ይሄዳል፤ ግማሹ ማሽላ፣ ግማሹ ለእርሾ የሚሆን ስንዴ።

እ.ኤ.አ. በ1958 ማኦ ዜዱንግ በቼንግዱ ስብሰባ ላይ የጉይዡን ፓርቲ መሪ ዡ ሊንን አግኝተው የማኦታይ ምርት 10,000 ቶን ይድረስ አሏቸው። ፋብሪካው ያኔ በዓመት 1,000 ቶን እንኳ አያወጣም። 10,000 ቶን አረቄ ማለት 50,000 ቶን እህል ነው። ብዙም ሳይቆይ «ታላቁ ዝላይ» ያመጣው ረሃብ ገባ። እስከ 1961 ድረስ በመላ አገሪቱ ያለቀው ሕዝብ ከ15 እስከ 45 ሚሊዮን ይገመታል። ጉይዡ ክፉኛ ከተጎዱት ግዛቶች አንዷ ነበረች፤ ማኦታይ ግን መመረቱን አላቆመም። 10,000 ቶን የተደረሰው በ2003 ነው።

ያን ሁሉ ሕዝብ የፈጀው አረቄ ነው ማለት አይቻልም፤ የአንድ ፋብሪካ እህል ከአገሪቱ ምርት አንጻር ጥቂት ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ሱን ጂያጋን ንጉሡን ተከራክረው ሹመት አገኙ። በ1959 ስለ ዝላዩ ጥፋት ደፍረው የጻፉት የመከላከያ ሚኒስትር ፔንግ ደኋይ ግን ከሥልጣን ተባረሩ። ማሽላው ይበላ ወይስ ይጠጣ የሚለውን ገበሬው ራሱ ሲወስን ከሁለቱም ይደርሰዋል። ከላይ በኮታ ሲወሰንበትና «አይሆንም» የሚል ሹም ሲጠፋ ግን፣ ዘርቶ ያጨደው ሰው ራሱ ጦሙን ያድራል።