ፀሐይዋ ተመልሳለች፣ በዓሉ ግን ገና ነው

ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን ጠይቋቸው። ሁለተኛ ደረጃ እያሉ ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ያስተማራቸው ህንዳዊ መምህር ሳይኖር አይቀርም። በንጉሡ ዘመን ከአዲስ አበባ አልፎ በየጠቅላይ ግዛቱ ከተማ የህንድ መምህራን ነበሩ። ስለ አገራቸው በዓላት ጠይቀዋቸው ያውቁ እንደሆነም ጠይቁልኝ። ምክንያቱም በየዓመቱ ጥር 6 ቀን ገደማ፣ እኛ ገናን ጨርሰን ጥምቀትን ስንጠባበቅ፣ ህንድ ውስጥ ትልቅ በዓል አለ። ስሙ ማካር ሳንክራንቲ ይባላል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ በዓልና በውስጡ ስለተደበቀ የ24 ቀን ስሕተት ነው። ስሕተት ማለቱ ተገቢ መሆን አለመሆኑን ደግሞ እያየን እንሄዳለን።

መጀመሪያ በዓሉን እንየው። ህንድ ሰፊ አገር ስለሆነች በዓሉ በየክፍለ ግዛቱ ስሙንም መልኩንም ይቀይራል። በምዕራብ በኩል ጉጃራት ውስጥ፣ በተለይ አህመዳባድ በምትባለው ከተማ፣ ቤት ውስጥ የሚቀር ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ጣሪያ ላይ ወጥቶ ካይት ያበርራል። ካይት ማለት ከቀጭን ወረቀት ተሠርቶ በክር የሚያዝ፣ በነፋስ የሚንሳፈፍ ነገር ነው። ጨዋታው የጎረቤትን ካይት ክር በራስ ክር መበጠስ ስለሆነ፣ ክሩን በሙጫና በተፈጨ መስታወት ይቀቡታል። (በዚህ ክር ወፎች ክንፋቸው ይቆረጣል፣ ሞተር ሳይክል ነጂዎችም አንገታቸው ይጎዳል። በየዓመቱ የሚያስነሳው ክርክር ከዚያ የመጣ ነው።) በጎረቤቷ በማሃራሽትራ ደግሞ ሰዎች ሰሊጥ ባልተጣራ የሸንኮራ ስኳር አንቦክተው ትንንሽ ጣፋጭ ይሠሩና እየተሰጣጡ፣ ጣፋጭ ብላና ጣፋጭ ተናገር ይባባላሉ። ዓመቱን ሙሉ የተኳረፈ ጎረቤት የሚታረቀው በዚህ ቀን ነው።

ወደ ደቡብ፣ ወደ ታሚል ናዱ ስትወርዱ በዓሉ ፖንጋል ይሆናል። የአዲሱ ምርት ሩዝ ከወተት ጋር ተጥዶ ድስቱ እስኪገነፍል ይጠበቃል። ፖንጋል የሚለው ቃል ራሱ መፍላትን፣ መገንፈልን ያመለክታል፤ እኛ ቤት ወተት ሲገነፍል እናት ትቆጣለች፣ እነሱ ግን እልል ይላሉ። በማግስቱ ተራው የከብቶች ነው፤ ታጥበው፣ ቀንዳቸው ቀለም ተቀብቶ፣ አበባ ተንጠልጥሎላቸው ይውላሉ። በሰሜን ፑንጃብ ዋዜማውን እሳት ይነዳል። በምሥራቅ አሳምም እንዲሁ። በጋንጀስ ወንዝ ዳር ደግሞ ሕዝቡ በውርጭ ሌሊት ተነሥቶ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በፕራያግራጅ በተካሄደው ታላቅ የኩምብ ጉባኤ ከዋነኞቹ የመታጠቢያ ቀናት አንዱ ይኸው ቀን ነበር።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው? ሳንክራንቲ ማለት መሻገር ማለት ነው። ማካራ ደግሞ አዞ የሚመስል የባሕር አውሬ ሲሆን፣ በኮከብ ቆጣሪዎች ዘንድ እኛ ጀዲ የምንለው የኮከብ ምድብ ስም ነው። ስለዚህ ቀኑ ፀሐይ ወደ ጀዲ የምትሻገርበት ቀን ነው። አብዛኞቹ የሂንዱ በዓላት፣ ዲዋሊም ሆነ ሆሊ፣ የጨረቃን ዑደት ስለሚከተሉ እንደኛ ፋሲካ ከዓመት ዓመት ይዘዋወራሉ። ሳንክራንቲ ግን የፀሐይ በዓል ነው፤ ከጥር 6 ወይም 7 ብዙም አይንቀሳቀስም።

የበዓሉ ሌላ ስም ኡታራያና ነው። ትርጉሙ ወደ ሰሜን ጉዞ። ይህን ስም ያዙልኝ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። በማሃባራታ ውስጥ ብሂሽማ የሚባል ሽማግሌ የጦር አዛዥ አለ። የሚሞትበትን ጊዜ ራሱ የመምረጥ ጸጋ ተሰጥቶታል። በጦርነቱ በ10ኛው ቀን ሰውነቱ በቀስት ተወግቶ ይወድቃል፤ ቀስቶቹ ከመብዛታቸው የተነሣ አካሉ መሬት አይነካም፣ የቀስት አልጋ ላይ እንደተኛ ሆነ። ግን አልሞተም። ፀሐይ ገና ወደ ደቡብ እየሄደች ነበርና እስክትመለስ 58 ሌሊት ጠበቀ። ፀሐይ ወደ ሰሜን ፊቷን ስታዞር ነፍሱን ለቀቀ። ለሂንዱ ምእመን ኡታራያና ይህን ያህል ክቡር ጊዜ ነው፤ የብርሃን ወገን፣ የመልካም ሥራ መጀመሪያ።

አሁን አንድ ቀላል ነገር ልጠይቃችሁ። ፀሐይ ወደ ሰሜን መመለስ የምትጀምረው መቼ ነው? በጥር 6? አይደለም። የምትመለሰው ታኅሣሥ 12 ወይም 13 ቀን ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21 ወይም 22። ልዩነቱ 24 ቀን ገደማ ይሆናል። ማለትም አህመዳባድ ውስጥ ሰዉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የፀሐይን መመለስ ሲያከብር፣ ፀሐይዋ ከተመለሰች ወር ሊሞላት ምንም አልቀራት።

ለምን መሰላችሁ? ዓመት የሚባለው ነገር አንድ ስላልሆነ ነው። ከአንድ ክረምት እስከ ሚቀጥለው ክረምት ያለውን ጊዜ ብትለኩ 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ታገኛላችሁ። ይህን የወቅቶች ዓመት እንበለው። ፀሐይ ከአንድ ኮከብ አጠገብ ተነሥታ እዚያው ኮከብ ጋ እስክትመለስ ብትለኩ ግን 365 ቀን ከ6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ይሆናል። ይሄኛው የከዋክብት ዓመት ነው። ልዩነቱ 20 ደቂቃ ብቻ፤ ለአንድ ሰው ዕድሜ ምንም አይደለም።

ምክንያቱን ለመረዳት አያታችሁ ጥጥ ስትፈትል እንዝርቷን ተመልከቱ። እንዝርቱ ሲሾር ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ጫፉ ቀስ እያለ ክብ ይሠራል። ምድርም እንዲሁ ናት። በ24 ሰዓት አንዴ እየሾረች፣ ዘንጓ ደግሞ በጣም ዝግ ብሎ ሰማይ ላይ ክብ ይሥላል። ክቡን ለመጨረስ 26,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። የፀሐይና የጨረቃ ስበት ምድር ወገቧ ላይ ያላትን እብጠት ስለሚጎትት የሚመጣ ነገር ነው። በዚህ የተነሣ ፀሐይ የምትመለስበት ቦታ ከኋላዋ ካሉት ከዋክብት አንጻር ይንሸራተታል። 20ዋ ደቂቃ ተጠራቅማ በ71 ዓመት አንድ ሙሉ ቀን ትሆናለች።

የህንድ ባህላዊ ካሌንደር የሚከተለው ከዋክብቱን ነው። ፀሐይ ጀዲ ውስጥ ስትገባ ሳንክራንቲ ሆነ ይላል፤ ወቅቱ የት እንደደረሰ አይጠይቅም። አሁን 24ን በ71 አባዙት፤ 1,700 ዓመት ገደማ። ያኔ ፀሐይ ጀዲ ውስጥ የምትገባበት ቀንና ወደ ሰሜን የምትመለስበት ቀን አንድ ነበሩ። ስለዚህ በዓሉ አልተሳሳተም፤ ከኖረበት ቤት ሳይወጣ ቤቱ ነው የተንቀሳቀሰበት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የምወደው ሰው ቫራሃሚሂራ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መካከለኛው ህንድ ውስጥ፣ በኡጃይን አካባቢ የኖረ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። ከሱ በፊት የነበሩ ጥንታዊ መጻሕፍት ፀሐይ የምትመለሰው ከሌላ ኮከብ አጠገብ ነው ይሉ ነበር። እሱ ሰማዩን ሲያይ ግን የምትመለሰው ጀዲ መጀመሪያ ላይ ነው። ምን ያደርግ? መጻሕፍቱ የተከበሩ ናቸው፤ ሐሰት ናቸው ብሎ አልወረወራቸውም። ድሮ እንዲያ ነበር፣ አሁን እንዲህ ነው፤ የተጠራጠረ በዓይኑ ይይ ብሎ ጻፈ። እንዴት እንደሚታይም አስቀመጠ፤ ፀሐይ ስትወጣ ወይም ስትገባ ቦታዋን ምልክት አድርጉ አለ። ለምን እንደሚሆን አላብራራም። ግን እሱ በነበረበት ጊዜ ትክክል የነበረው ነገር ከሱ በኋላ እንደገና ይንሸራተት ጀመር፤ ያን ደግሞ በየአልማናኩ ላይ የሚያርም አልተገኘም።

መንሸራተቱ የድሮ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታዋቂው የሂንዱ መምህር ስዋሚ ቪቬካናንዳ ካልካታ ውስጥ የተወለደው በማካር ሳንክራንቲ ቀን ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12፣ 1863 ነበር። ዛሬ በዓሉ ጃንዋሪ 14 ወይም 15 ነው። በአንድ መቶ ስድሳ ዓመት ሁለት ቀን። ሒሳቡን ራሳችሁ ሞክሩት።

ህንድ ነፃ ከወጣች በኋላ ይህን ጉዳይ ለማስተካከል የተነሣ ሰው ተገኘ፤ ሜግናድ ሳሃ። ፊዚክስ የምትማሩ ስሙን ትሰሙታላችሁ፤ በ1920 ያወጣው ቀመር የኮከብን ብርሃን አይቶ ሙቀቱን ለማወቅ መንገድ ከፍቷል። በዳካ አካባቢ ገጠር፣ ከትንሽ ሱቅ ነጋዴ ቤት የተወለደ ልጅ ነው። በ1952 ለፓርላማ በግሉ ተወዳድሮ አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት መንግሥት ካሌንደር የሚያሻሽል ኮሚቴ አቋቁሞ እሱን ሰብሳቢ አደረገው። ኮሚቴው አገሪቱ ውስጥ 30 ያህል የተለያዩ ካሌንደሮች ሲሠራባቸው አገኘ። አንዱ መንደር ዛሬ ጾም ነው ሲል ሌላው ነገ ነው ይላል።

የሳሃ ኮሚቴ በ1955 ሪፖርቱን አቀረበ። ለመንግሥት ሥራ ወቅቶችን የሚከተል አዲስ ብሔራዊ ካሌንደር ይውጣ አለ። ለሃይማኖት በዓላት ግን በጥንቃቄ ሄደ። 23 ቀኑን በአንዴ ሰርዞ በዓሉን ወደ ዲሴምበር መመለስ አልደፈረም፤ ቢያንስ ከዚህ በላይ አይንሸራተት፣ ባለበት ይቁም የሚል ነበር ሐሳቡ። እኔ እንደሚመስለኝ ሳሃ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይሰርዘው ነበር፤ ኮሚቴ ግን ኮሚቴ ነው። እሱም የሥራውን ውጤት ሳያይ በፌብሩዋሪ 1956 ዴልሂ ውስጥ ወደ መሥሪያ ቤት ሲሄድ ወድቆ ሞተ። ካሌንደሩ በማርች 22፣ 1957 ሥራ ላይ ዋለ። የበዓል ቀን አውጪዎቹ ግን አብዛኞቹ በለመዱት መንገድ ቀጠሉ።

ውጤቱ ያስቃል። በብሔራዊው ካሌንደር ፓውሻ የሚባለው ወር 1 ብሎ የሚጀምረው ፀሐይ በምትመለስበት በዲሴምበር 22 ነው። ሳንክራንቲ ደግሞ በፓውሻ 24 ይውላል። የመንግሥት ካሌንደርና የሕዝብ በዓል አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ፀሐይ ተመልሳለች፣ ሌላው አሁን ነው የተመለሰችው ይላሉ።

እዚህ ላይ ህንዶቹን ታዘብን ብለን እንዳንቀመጥ ወደ ራሳችን ልመልሳችሁ። የኛ ካሌንደር ዓመት 365 ቀን ከ6 ሰዓት ነው፤ ከወቅቶቹ ዓመት በ11 ደቂቃ ይበልጣል። በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሸሻል ማለት ነው፤ ከህንዱ ቢዘገይም አቅጣጫው ያው ነው። ገና በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ላይ የዋለው እምነታችን ሌላ ቀን ስለሆነ አይደለም፤ ቀኑ የድሮው የሮማ ዲሴምበር 25 ነው። ያ ቀን በሮማውያን ካሌንደር የፀሐይ መመለሻ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ምዕራባውያኑ በ1582 ካሌንደራቸውን አርመው ሄዱ፤ እኛ አልሄድንም። አሁን ልዩነቱ 13 ቀን ነው። ከ2100 በኋላ 14 ይሆናል፤ እንቁጣጣሽም በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12፣ ገናም ጃንዋሪ 8 ላይ ይውላሉ። ከእናንተ መካከል ዕድሜ የሰጠው ያየዋል።

ሳንክራንቲ በዚህ አያያዙ ከቀጠለ ከ11,000 ዓመት ገደማ በኋላ ጁን ላይ ይደርሳል፤ ፀሐይ ሰሜን ጫፍ ደርሳ ወደ ደቡብ በምትዞርበት ጊዜ። ብሂሽማ ያን ጊዜ ቢኖር የትኛውን ይጠብቅ ነበር፣ ኮከቡን ወይስ ፀሐይዋን?

እናንተ ግን የቫራሃሚሂራን ሙከራ ዘንድሮ መሥራት ትችላላችሁ። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ቆማችሁ፣ ፀሐይ የምትጠልቅበትን ከአንድ ዛፍ ወይም ከአንድ ሕንፃ ጋር እያስተያያችሁ በደብተር ያዙ። በቀጥታ እያፈጠጣችሁ አትዩዋት፤ አድማሱ ላይ ልትገባ ስትል ብቻ ቦታዋን ምልክት አድርጉ። ታኅሣሥ አጋማሽ አካባቢ ለቀናት የቆመች ትመስላለች። ከዚያ ወደ ቀኝ መመለስ ትጀምራለች።