የፖስታ ሒሳብና የሩቅ አገር ነጋዴ (1874–2025)

የዕቃ ዋጋ ከመንገዱ ርዝመት ጋር እንደሚጨምር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው ከመነሻው በራቀ መጠን እየተወደደ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ርቀት ራሱ ለአገሬው ነጋዴ እንደ አጥር ያገለግለው ነበር ማለት ይቻላል። በኢንተርኔት ገበያ ላይ ግን ይህ አጥር የፈረሰበት፣ እንዲያውም ከሩቅ የሚላከው ዕቃ ከቅርቡ ይልቅ በርካሽ የተጓዘበት ጊዜ ታይቷል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በአሜሪካ የሆነውን ምሳሌ አድርጎ ነገሩ እንዴት ሊሆን እንደቻለ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከኢንተርኔት ሳይሆን ከደብዳቤ ነው። በ1874 በስዊስ አገር በበርን ከተማ 22 መንግሥታት ኋላ የዓለም ፖስታ ኅብረት የተባለውን ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ እያንዳንዱ አገር ከቴምብር ሽያጭ ያገኘውን ገንዘብ ለራሱ እንዲያስቀር፣ ከውጭ የመጣለትንም ደብዳቤ ያለ ክፍያ እንዲያድል ተስማሙ። ምክንያታቸውም ደብዳቤ የጻፈ ሰው መልስ ይጻፍለታልና የሁለቱ ወገን ድካም ይተካከላል የሚል ነበር። ኢትዮጵያም በ1908 የዚሁ ኅብረት አባል ሆነች።

ይሁን እንጂ የሚላከውና የሚመጣው እኩል ሆኖ አልቀጠለም። ስለዚህ በ1969 በቶኪዮ የተሰበሰበው ጉባኤ፣ ከሚልከው ይበልጥ የሚቀበል አገር ለዕደላው ድካም ዋጋ እንዲከፈለው ወሰነ። በ1999 የቤይጂንግ ጉባኤ ደግሞ በማደግ ላይ ያሉትን አገሮች ሒሳብ ከበለጸጉት ለይቶ ዝቅ አደረገላቸው፤ ቻይናም በማደግ ላይ ካሉት ጋር ተቆጠረች። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ሒሳብ ደብዳቤን ብቻ ሳይሆን እስከ 2 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ ጥቅልንም የሚያጠቃልል መሆኑ ነው።

የኢንተርኔት ገበያ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ኢቤይ በ1995 ተቋቋመ፤ አማዞን በ2000 ገበያውን ለሌሎች ነጋዴዎች ከፈተ፤ የቻይናው አሊኤክስፕረስም በ2010 ሥራ ጀመረ። በዚያው ጊዜ የአሜሪካና የቻይና ፖስታ ቤቶች ኢ-ፓኬት የተባለውን የትንንሽ ጥቅሎች አገልግሎት ለማቋቋም ተስማሙ። የስልክ ልባስ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የጆሮ ጌጥ፣ ይህን የመሰለው ሁሉ ከ2 ኪሎ በታች ነው። በ2015 አንድ የአማዞን ሹም ለአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ እንዳስረዱት፣ አንድ ፓውንድ የሚመዝን ጥቅል ከሳውዝ ካሮላይና ወደ ኒውዮርክ ለመላክ 6 ዶላር ገደማ ሲያስፈልግ፣ ያው ጥቅል ከቻይና ሲመጣ ከ4 ዶላር ያነሰ ይበቃው ነበር። እንግዲህ አሜሪካዊው ነጋዴ በዕቃው ጥራት ሳይሆን ገና በፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ተሸነፈ ማለት ነው።

ክርክሩ የኋላ ኋላ ወደ መንግሥታት ደረሰ። በሴፕቴምበር 2018 ኅብረቱ በአዲስ አበባ ልዩ ጉባኤ አድርጎ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በኦክቶበር፣ አሜሪካ ከኅብረቱ እንደምትወጣ አስታወቀች። በሴፕቴምበር 2019 በጄኔቫ በተደረገው ሌላ ልዩ ጉባኤ ስምምነት ስለተገኘ በአባልነቷ ጸናች፤ ከጁላይ 2020 ጀምሮም የዕደላውን ሒሳብ ራሷ እንድትወስን ተፈቀደላት።

ታዲያ የአገሬው ነጋዴ አሸነፈን? አላሸነፈም። የሩቅ አገር ነጋዴዎች ዕቃቸውን በመርከብ አስቀድመው ልከው እዚያው አሜሪካ መጋዘን ውስጥ ማከማቸትን ተያያዙት፤ አማዞን ይህን የመጋዘን አገልግሎት ከ2006 ጀምሮ ይሰጥ ነበር። በተጨማሪም ከቀረጥ ነጻ የሚገባው ጥቅል የዋጋ ወሰን በ2016 ከ200 ወደ 800 ዶላር ከፍ ብሎ ነበር። በ2022 አሜሪካ የገባው ቴሙ የሠራው በዚሁ በር ነው። በሩም በሜይ 2025 ለቻይና ዕቃ፣ በኦገስት 2025 ደግሞ ለሁሉም አገር ተዘጋ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ለደብዳቤ የወጣ ደንብ ደብዳቤው ከተመናመነ በኋላም ኖሮ ያልታሰበ ሥራ ሠራ። ደንቡን ግን በደፈናው ግፍ ልንለው አንችልም፤ ታላቁን ላኪ አገር ከታናሹ ሳይለይ ቀረ እንጂ፣ ዓላማው እንደ እኛ ያሉት አገሮች ከዓለም ፖስታ እንዳይቆረጡ ነበር። ሁለተኛ፣ የፖስታው ርካሽነት አንዱ ምክንያት እንጂ ብቸኛው አልነበረም። ብዙው ዕቃ የሚሠራው እዚያው ቻይና ሲሆን፣ አሜሪካዊው ቸርቻሪም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ያስመጣ ስለነበር፣ ፋብሪካው ገዢውን በቀጥታ ባገኘ ጊዜ የመካከለኛው ሰው ትርፍ ቀረ። ስለዚህ ሒሳብን ማስተካከል ሚዛንን ያቀና ይሆናል፤ የመካከለኛውን ሰው የቀድሞ ቦታ ግን አይመልስም።

የንግድን ታሪክ የምናጠና ተማሪዎች ዕቃው ስንት ተሸጠ ብለን ብቻ ሳይሆን፣ የማጓጓዣውን ዋጋ ማን ከፈለ ብለንም መጠየቅ ይገባናል።